ስብከቱ ለማን ነው?

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21፣ 2025፣ ዋሽንግተን ናሽናል ካቴድራል ውስጥ የኤጲስቆጶላውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ማሪያን ኤድጋር ባዲ ቆመው ሰበኩ። ፊት ለፊታቸው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ተቀምጠዋል። ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና አንድ ቀናቸው ነው። ጳጳሷ ወደ ስብከታቸው ማብቂያ ላይ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ተናገሩ። ምሕረት ለመኑ። በፍርሃት ላይ ላሉት ሰዎች ይራሩላቸው አሉ። እርሻ ላይ ሰብል የሚለቅሙትን፣ ቢሮ የሚያጸዱትን፣ ምግብ ቤት ሰሃን የሚያጥቡትን፣ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የሚገቡትን አነሡ። ዜግነት ላይኖራቸው ይችላል፣ ወረቀታቸው የተሟላ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን ወንጀለኞች አይደሉም አሉ።

ቪዲዮው አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እኛ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ የለቀቀችው የአክስቴ ልጅ ናት። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩላት ደጋግማ አየችው።

"እኚህ ሴትዮ የኛን ልጅ ነው እንዴ የሚሉት?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ እሷንም ጭምር።"

"እመብርሃን ትጠብቃቸው" አለችና መቁጠሪያዋን አነሣች።

አዲስ አበባ መሀል ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ በሉ፣ ከጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ ስለ ፕሮሰስ ነው የሚያወራው። የማን ኢንተርቪው ደረሰ፣ የማን ዲቪ ወጣ፣ የማን ስፖንሰር ጠፋ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው እዚያ አለው፤ አንድ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ። በ2022 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት እዚያ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ሰጥቶ ነበር። በ2025 መጨረሻ ከለላውን እንደሚያነሣ አስታወቀ። ያን ሰሞን ቅዳሴ ላይ ከወትሮው በላይ የሚያለቅሱ እናቶችን አይቻለሁ። ምን እንደገጠማቸው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ስብከት በኋላ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ምን እንደሚሉና ምን እንደሚያደርጉ መከታተል ጀመርኩ። የሰማሁትን ላካፍላችሁና ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። የምጽፈው ስለ ራሳችን ነውና።

አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ገብተው ሰው እንዳይዙ የሚገድብ መመሪያ ነበር። አዲሱ አስተዳደር ሥራ በጀመረ ቀን ተሻረ። በሳምንቱ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ማኅበረ ምእመናን መንግሥትን ከሰሱ። ሰው ፈርቶ ከጸሎት ከቀረ የእምነት ነፃነታችን ተነክቷል አሉ። በየካቲት አንድ የሜሪላንድ ዳኛ ለከሳሾቹ ጊዜያዊ እግድ ሰጠላቸው፤ እግዱ የሚሸፍነው ግን እነሱንና አብረዋቸው የከሰሱትን ብቻ ነው።

በሐምሌ 2017 የተሰማው ደግሞ ከሁሉም በላይ ገረመኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳን በርናርዲኖ ካቶሊክ ጳጳስ አልቤርቶ ሮሃስ፣ እያዛለሁ ብሎ የሚፈራ ምእመን እሑድ ቅዳሴ የመምጣት ግዴታ የለበትም ብለው አወጁ። እስቲ አስቡት። ሰንበትን ማስቀደስ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። አንድ አባት መንጋውን "አትምጡ፣ ኃጢአት አይሆንባችሁም" እስኪል ሲደርስ፣ ለፖሊስ ክፍት የሆነችው በር ለምእመኑ ተዘግታለች ማለት ነው። ጳጳሱ ይህን በአደባባይ መናገራቸው ለእኔ ከረጅም መግለጫ ይበልጣል።

መግለጫውም ቀርቶ አልቀረም። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ድምፅ ሰጠ። 216 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሰውን ሳይለዩ በጅምላ ማባረርን እንቃወማለን አሉ። እነዚህ ጳጳሳት በብዙ ነገር የማይስማሙ ናቸው፤ መንግሥትን በሌላ ጉዳይ የሚደግፉም አሉባቸው። በዚህ ግን አንድ ሆኑ።

የኤጲስቆጶላውያን ቤተ ክርስቲያን ያደረገችው ደግሞ በቀጥታ እኛ ግቢ ይደርሳል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ለ40 ዓመት ገደማ ከመንግሥት ጋር ውል ይዛ ስደተኞችን እየተቀበለች ታቋቁም ነበር። በጃንዋሪ 2025 መንግሥት የስደተኞችን መግቢያ ዘጋ። ዓመታት የጠበቁ፣ ምርመራ ያለፉ፣ ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ባሉበት ቀሩ። በግንቦት ግን ነጭ ደቡብ አፍሪካውያንን ብቻ አስቀድማችሁ ተቀበሉ ተባለች። አይሆንም አለች። ውሉን አቋርጣ ወጣች። ገንዘቡም ሥራውም ቀረባት።

ትኬት የተቆረጠላቸው ስል በወሬ የሰማሁትን አይደለም። ግቢያችን ሰርቪስ ቤት ውስጥ አንዲት ኤርትራዊት ትኖራለች። ከሴት ልጇ ጋር። ለብዙ ዓመት ፕሮሰስ ላይ ነበረች። የሕክምና ምርመራውን ጨረሰች፣ ቀን ተነገራት። ፍራሿን ሸጠች። የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሸጠች። ሁለት ሻንጣ ገዛች። በሩ ሲዘጋ በእጇ የቀሩት ሻንጣዎቹ ናቸው። ወረቀቶቿን በዚፕ በሚዘጋ የላስቲክ ፋይል ታስቀምጣለች፤ ጠርዙ በመነካካት ብዛት ነጭ ሆኗል። የእማዬን ምጣድ እየተዋሰች ነው አሁን የምትጋግረው። ቅዳሜ ቅዳሜ። "እማማ፣ ምጣዱን ላምጣው?" ትላለች ስትጨርስ። እማዬም "አስቀምጪው ልጄ፣ የት ይሄዳል" ትላታለች።

የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ከጳጳሷ ጋር አንድ ሐሳብ ነው ብዬ አልዋሽም። በ2024ቱ ምርጫ ከነጭ ወንጌላውያን መካከል ከአስሩ ስምንት የሚሆኑት ትራምፕን መርጠዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ቤተሰብ ድንበር ላይ ሲለያይ፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ጄፍ ሴሽንስ ሮሜ 13ን ጠቀሱ፤ ለመንግሥት ተገዙ ተብሏል አሉ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ በ2025 መጀመሪያ ላይ የክርስቲያን ፍቅር ተራ አለው ብለው ተከራከሩ። መጀመሪያ ቤተሰብህ፣ ከዚያ ጎረቤትህ፣ ከዚያ ወገንህ፣ የቀረው ዓለም በመጨረሻ። የወቅቱ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ብዙ ሳይቆዩ ለአሜሪካ ጳጳሳት ደብዳቤ ጻፉ። እውነተኛውን የፍቅር ተራ የምናገኘው ደጉን ሳምራዊ ስናስብ ነው አሉ።

የቫንስን ክርክር እንደዋዛ አላልፈውም። እኛ አገርም አለ። "ከራስ በላይ ነፋስ" እንላለን። አንድ አባት ኑሮ ተወዶበት ልጁን ሳያበላ ለእንግዳ ማዕድ አይቀርብም። የቤት ኪራይ ጣሪያ በነካበት ከተማ "ደግሞ ስደተኛ ተጨመረብን" የሚል ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ግን ወንጌሉን እዩት። ሳምራዊው የቆመው ለወገኑ አይደለም። ካህኑና ሌዋዊው ደግሞ አይተው ነው ያለፉት። አላየንም ሊሉ አይችሉም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. አሪዞና፣ ቱሳን ውስጥ የሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከኤልሳልቫዶርና ከጓቴማላ ጦርነት ሸሽተው የመጡትን በግልጽ ማስጠጋት ጀመረች። መንግሥት ስደተኛ አይደሉም ይል ነበር። ፓስተሩ ጆን ፋይፍ ተከሰሱ። በ1986 እሳቸውን ጨምሮ 8 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። በእንግሊዝም በ2022 መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልላክ ሲል፣ በጌቶች ምክር ቤት የሚቀመጡት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት በሙሉ ፈርመው ተቃወሙ። ፖሊሲው አገራችንን ያሳፍራል አሉ።

የሄጉ ግን የተለየ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ፖሊስ የአምልኮ ሥርዓት እየተካሄደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማቋረጥ አይችልም። ሄግ ያለችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሊባረር የተፈረደበት አንድ የአርመን ቤተሰብ ተማጸናት። ታዲያ ምን አደረጉ? ሥርዓተ አምልኮ ጀመሩ፣ አላቆሙም። ከኦክቶበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019። 96 ቀን፣ ሌት ተቀን። ከመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰባኪዎች እየተፈራረቁ መጡ። መንግሥት ፖሊሲውን ለማለሳለስ ሲስማማ ነው ጸሎቱ ያበቃው። ማኅሌት ቆሞ ላደረ ሰው ይህ አይገባውም? ከኛ ዘንድ ጸሎት የሚበረታበት ሌሊት ሞልቷል። ጸሎት ቆሞ የፖሊስን እጅ ሲይዝ ግን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

አርመኖች ስል የራሳችን ከተማ ትዝ ይለኛል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ከጭፍጨፋው የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። 40 ልጆች። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው። የነጋሪትና የመለከት አገር ውስጥ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ደረሱ። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ዛሬም አለ። አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር፣ እነዚያ ልጆች "ወረቀታችሁ የታለ?" ተብለው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ በፊትማ የአክሱም ነገር አለ። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው መጡ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኛ ላኩ፤ ሰዎቻችንን መልሱልን ብለው። ይህን ሁላችንም ስንማረው አድገናል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ ነገር አለ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ስጦታውን የተቀበሉት የንጉሡ ሹማምንት "ይመለሱ" ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ስደተኞቹ ከቁርአን ስለ ማርያም የሚናገረውን ሲያነቡ ንጉሡ አለቀሰ፤ ዙሪያውን መጻሕፍቶቻቸውን ዘርግተው የቆሙት ጳጳሳትም አለቀሱ። በዚያ ችሎት ላይ ሹም አለ፣ ስጦታ አለ፣ ካህን አለ። ስደተኛውም ቆሟል። ዛሬም ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን።

እኛ አገር ስለ ስደት አይሰበክም ማለት አይቻልም። ይሰበካል፣ በብዛት። ችግሩ ለማን ነው የሚሰበከው የሚለው ነው። "ልጆቼ፣ አትሂዱ፣ በረሃ ይበላችኋል" እንላለን። ይህ ለሚሄደው ነው። ሲሄድ "መንገዱን ያቅናልህ" እንላለን። ሲሞት ፍትሐት እናደርጋለን። ሦስቱም ለስደተኛው ወይም ለቤተሰቡ ነው። ሕጉን ለሚያወጣው፣ በሩን ለሚዘጋው፣ ለሚያስረውና ለሚመልሰው ስብከት ብዙ አልሰማሁም። ጳጳስ ባዲ ያደረጉት ይህን ነው። ለስደተኛው አልሰበኩም። ስደተኛው ምን ያድርግ?

ሚያዝያ 2007ን አስታውሱ። ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ወንድሞቻችን በአይሲስ ታርደውና በጥይት ተገድለው ቪዲዮው የወጣው ሚያዝያ 11 ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ የቂርቆስ ልጆች ነበሩ፣ አብሮ አደጎች። ቂርቆስ ያን ሰሞን ድንኳን በድንኳን ሆነ። ከቦሌም ከመርካቶም ሰው እየጎረፈ ለቅሶ ደረሰ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አነባ። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት አለቻቸው። ትክክል ነበር፤ ያኔም ልቤ ተቀብሎታል፣ ዛሬም አልለወጥኩም። ነገር ግን ሰማዕት ከተባሉ በኋላ ጥያቄው ተዘጋ። ከቂርቆስ ተነሥቶ ሰሃራን የሚያቋርጥ ልጅ ምን አጣ? መንግሥት ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ወደ አረብ አገር የሚወስደውን ሕጋዊ የሥራ መንገድ ዘግቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራ በቦሌ በኩል ጭና መለሰች። ሕጋዊውን መንገድ መዝጋት ሰውን ያስቀረዋል ወይስ ወደ ደላላ ይገፋዋል? ይህን የጠየቀ አባት ቢኖር ኖሮ እላለሁ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ንስሐ የሚገባው፣ ስእለት የሚሳለው፣ ከደላላ ጋር ከመሄዱ በፊት ጸበል የሚረጨው ልጅ የሚሄደው እነሱ ጋ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የኛ ደጅ ነው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ታስጠልላለች። ደቡብ ሱዳናውያን፣ ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያን። አዋጅ 1110/2011 ጥሩ ሕግ ነው፤ ከብዙ አገር ይሻላል። ስደተኛ የመሥራት መብት አለው፣ ሕይወቱ ወደሚያሰጋው ቦታ አይመለስም ይላል። አብያተ ክርስቲያናቱም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማት ኮሚሽን ከስደተኞች ጋር ሲሠራ የኖረ ነው። የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት አዲስ አበባ ውስጥ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከል አለው። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ጳጳሳት ጉባኤና የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ተፈራርመው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ ስደተኞች 500 ሰው በጀልባ ሳይሆን በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ቪዛ እንዲገባ መንገድ አስከፍተዋል። የመጀመሪያዎቹ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ሮም ገቡ። ቤተ ክርስቲያን መንግሥትን አነጋግራ መንገድ ስትከፍት ይህን ይመስላል።

ዱቄትና ዘይት ማደል ግን ከሚሰጠው ሰው በቀር ማንንም አያስቸግርም። በሐምሌ 2015 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ኢትዮጵያ ኤርትራውያንን እያሰረች በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወደ አገራቸው መመለሷን አወገዙ። የኤርትራን ሁኔታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብሔራዊ ውትድርና ማብቂያው አይታወቅም። ያን ሰሞን ግቢያችን ያለችው ኤርትራዊት እኅቴ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ አቆመች። እማዬ ናት የምታደርሳት የነበረችው። ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል፣ ይታደስ ብላ የሄደችበት ቢሮ ሁሉ "ተመለሺ" ይላታል። መንገድ ላይ መታወቂያ ስትባል ምን ታሳይ? ያን ክረምት ከየትኛውም መድረክ ስለነዚህ ሰዎች አንድ ቃል እሰማለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም። እኔ ጆሮ የደረሰ አልነበረም።

ለዝምታው ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ይህች ከተማ የሚናገሩ አባቶችን ስትበላ አይታለች። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተገደሉት በአንድ ሰሞን ነው፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት። ጉዲና ከአገር እንዲወጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር፤ እምቢ ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት የብዙ አገልጋይ መመሪያ ቢሆን አልፈርድም። ግን ዝምታውን የሚከፍለው ማን ነው? ዝም ያለው አይደለም። ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ የፈራችው ናት።

ባለፈው ወርኃ ጽጌ ይህን ለነፍስ አባቴ አነሣሁባቸው። ጽጌን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ሙሉ የምታስበው አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሰደዷን ነው። ሄሮድስ መንግሥት ነው። ያወጣውም አዋጅ ነው። አርባ ቀን እየጾምን፣ ሌሊት ማኅሌት እየቆምን ስለ አንድ ስደተኛ ቤተሰብ የምናለቅስ ሕዝብ ነን። እኅቴም ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው ትቆማለች፣ ከሴቶቹ ጋር፣ ምሰሶው አጠገብ። ስለ እመቤታችን ረሃብና ጥም ሲዜም ታለቅሳለች። ከጎኗ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን እንደሆነች አታውቅም።

"አባ፣ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ስለነሱ ለምን አይነገርም?" አልኳቸው።

ዝም አሉ መጀመሪያ። ከዚያ "ልጄ፣ እኛ የምንለምነው እግዚአብሔርን ነው" አሉኝ።

"መንግሥትንስ መለመን ኃጢአት ነው?"

"ኃጢአት አይደለም።" መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። "ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ እሑድ ቆሜ 'መካከላችን ኤርትራውያን አሉ፣ አትንኩብን' ብል፣ ሰኞ ማን ነው የሚፈለገው? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ጳጳሷ ሲናገሩ ካሜራ ይጠብቃቸዋል፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ጋዜጣ አለ። እዚህ ስደተኛው በተጠራ ቁጥር ይታያል፤ በታየ ቁጥር ይያዛል። አባ ፈሪ አይደሉም። ሰው እንዳይጎዳ እየመዘኑ ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል አባ?"

"መድረክ ሁሌ ድምፅ ማጉያ አይደለም" አሉኝ። "ድሮ ሰው ተማጽኖ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ካህናቱ መስቀል ይዘው ወደ ገዢው ይሄዱ ነበር። ይለምኑለታል፣ ይከራከሩለታል። በአደባባይ ስሙን አይጠሩትም።"

እውነታቸውን ነው። አክሱም ጽዮን ለዘመናት መማጸኛ ነበረች። ወደ ቅጥሯ የገባን ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር ነበር። ይህ ሥርዓት ከፈረንጅ የተቀዳ አይደለም፤ ሄግና ቱሳን ሳይሰሙት የኛ ነበር። መስቀል ይዞ ወደ ሹም መሄድ የካህን ሥራ ነበር፣ ፖለቲካ አይባልም ነበር። አሁን ለምን ፖለቲካ ሆነ?

ከዚህ ንግግር በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ጻፍን። የማንም ስም የለበትም። አንደኛ፣ አዋጅ 1110/2011 በሚለው መሠረት ማንም ስደተኛ ወደሸሸበት እንዳይመለስ፣ ሀገረ ስብከቱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በአካል ሄዶ እንዲጠይቅ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ያለፈበት ሰው ለማሳደስ ሲሄድ ከደብሩ አንድ ካህን ወይም ሽማግሌ አብሮት እንዲሄድ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ግማሽ ቀን ነው። ጥምጥም የጠመጠመ ሰው አብሮ ሲቆም መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል። ሦስተኛ፣ ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብሮ መሄድ። አምስት ኪሎ ያሉትን መካነ ኢየሱሶች፣ ካቶሊኮቹን፣ ቃለ ሕይወቶቹን ይዞ። በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያየው ብዙ ነው፤ ማቴዎስ 25 ግን የሁላችንም መጽሐፍ ውስጥ አለ። እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ የሚለውን የሚናገረው ዳኛው ራሱ ነው።

አንድ የጉባኤው አባል ሦስተኛው ላይ ፊታቸውን አጨማደዱ። ከነሱ ጋር ምን አገናኘን አሉ። አንድ ሌላ አዛውንት ግን፣ ልጃቸው ቨርጂኒያ የምትኖር፣ ሁለተኛውን ራሴ እጀምረዋለሁ አሉ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ አሉ። እኅቴ ጋ ወስጄ አስተዋወቅኳቸው። ቡና ተፈላ። የላስቲክ ፋይሉን ከፍታ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ሁሉንም አነበቡ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ቀን እየጻፉ።

"ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ጠብቂኝ ልጄ" አሏት። "ኮት ለብሼ ነው የምመጣው።"